የኒውትሪኖን መጠነ ቁስ በየትኛው መንገድ? ቴሲስ ለሚመርጡ የጎጃም የፊዚክስ ተማሪዎች

ኒውትሪኖ፣ ያ ቻርጅ የሌለው ኢምንት ቅንጣት፣ ስንት ይመዝናል? በትክክል የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ጣሪያውና ወለሉ ነው። ጣሪያውን ወደ ታች ለመግፋት የሚሞክሩ መንገዶች ግን ብዙ ናቸው፤ እርስ በርስም አይመሳሰሉም።

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ማስተርስ ጀምረው ርዕስ የሚያድኑ ልጆች የሚያነሡት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «መምህር፣ እስካሁን ትንሹን ቁጥር ያገኘው የትኛው ዘዴ ነው? እሱን ልሥራ።» እኔ በዚህ አመራረጥ አልስማማም። እያንዳንዱ ቁጥር ከጀርባው ያዘለው ታሳቢ አለ። ትንሹ ቁጥር ደግሞ ብዙ ታሳቢ የተሸከመው ነው። መጀመሪያ ታሳቢውን እዩ፤ ቀጥሎ ባላችሁ ላፕቶፕና ባላችሁ ጊዜ ምን እንደምትሠሩ አስቡ። ቁጥሩ ሦስተኛ ነው።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ መጠነ ቁሱን በኤሌክትሮን ቮልት እጽፋለሁ። ለመነሻ ያህል፣ ኤሌክትሮን ራሱ 511,000 ኤሌክትሮን ቮልት ነው።

ወለሉ ከየት መጣ?

ወለሉን የሰጠን ኦሲሌሽን ነው። በ1998 የጃፓኑ ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ ጥቂት ቆይቶም የካናዳው ኤስኤንኦ፣ ሦስት ዓይነት የሆኑት ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ዓይነታቸውን እንደሚቀያይሩ አሳዩ። ታካኪ ካጂታና አርተር ማክዶናልድ የ2015ን ኖቤል የተካፈሉት በዚህ ነው። ዓይነት መቀያየር ያለ መጠነ ቁስ አይሆንም። ችግሩ፣ ኦሲሌሽን የሚነግረን በመጠነ ቁሶቹ ካሬ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት 0.0025 አካባቢ ነው። ስኩዌር ሩቱን ስትወስዱ 0.05 ይመጣል። ስለዚህ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 ኤሌክትሮን ቮልት አያንስም። የሦስቱ ድምር ደግሞ ከ0.06 ገደማ አይወርድም፤ ቅደም ተከተላቸው የተገለበጠ (ሁለቱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል) ከሆነ ከ0.1። ይችን 0.06 ያዙልኝ፣ ኮስሞሎጂ ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ትሪትየም፦ የካትሪን መንገድ

ሐሳቡ የቆየ ነው። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 እንዲህ ያለ ቅንጣት መኖር አለበት ያለው፣ በቤታ ዲኬይ (ኒውክለስ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ሲፈርስ) ውስጥ የሚጎድለው ኢነርጂ ስላስቸገረው ነው። ኤንሪኮ ፌርሚ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቲዮሪውን ሲጽፍ፣ የስፔክትረሙ (የኤሌክትሮኖቹ ኢነርጂ ስርጭት) ጫፍ ቅርጽ የኒውትሪኖውን መጠነ ቁስ እንደሚያሳብቅ ያኔውኑ ጠቁሟል።

ትሪትየም ሲፈርስ ሂሊየም-3፣ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ አንቲኒውትሪኖ ይወጣሉ። ለሁለቱ ቀላል ቅንጣቶች የሚከፋፈል 18.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኢነርጂ አለ። ክፍፍሉ በየጊዜው ይለያያል። ወፍጮ ቤት ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ያስገባ ሰው ሃምሳ ኪሎ ዱቄት ይዞ አይወጣም። ወፍጮው የሚያስቀረው አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ያንሳል፤ ከአንዲት መጠን በታች ግን አይወርድም። ደጋግሞ የሚያስፈጭ ሰው በጣም የቀናውን ቀን ከሃምሳው ጋር ቢያስተያይ፣ የወፍጮውን የማትቀር ድርሻ ያውቃታል። እዚህም የማትቀረዋ ድርሻ የኒውትሪኖው መጠነ ቁስ ነች። ኒውትሪኖው ምንም ሳይንቀሳቀስ ቢወለድ እንኳ፣ ለመወለድ የሚያስፈልገውን ያህል ኢነርጂ ይወስዳል። ኤሌክትሮኑ ከዚያ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

የዚህ መንገድ ውበቱ የሚጠይቀው ታሳቢ ትንሽ መሆኑ ነው። የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ ይበቃዋል። ኒውትሪኖው የራሱ አንቲቅንጣት ይሁን አይሁን አያገባውም። ጽንፈ ዓለሙ በምን ፍጥነት እንደሚሰፋም አይጠይቅም።

ትሪትየም የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የጫፉ ኢነርጂ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ከጫፉ አጠገብ የሚወድቀው ድርሻ ከሌሎቹ ይሻላል። ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ስለሆነ፣ ትንሽ ጋዝ ብዙ ዲኬይ ይሰጣል። ኒውክለሱም ቀላል ነው፣ ስሌቱ አያስመርርም።

ይሻላል ስል ግን ተጠንቀቁ። በመጨረሻዋ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ የሚወድቁት ኤሌክትሮኖች ከ10 ትሪሊዮን ውስጥ 2 ያህል ናቸው። ጀርመን ካርልስሩኸ ያለው ካትሪን የተባለው የትሪትየም ሙከራ በምንጩ ውስጥ በሰከንድ 100 ቢሊዮን ገደማ ዲኬይ አለው። አባዙት፦ በሰከንድ 0.02፤ ማለትም በ50 ሰከንድ አንድ ኤሌክትሮን። ያውም ሁሉም ወደ መቁጠሪያው ቢደርሱ ነው፣ አይደርሱም። ባክግራውንዱ ደግሞ በአሥር ሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ነው። የምትፈልጉት ነገር ከማትፈልጉት ያንሳል ማለት ነው።

መሣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሜትር ነው። ዋናው ስፔክትሮሜትር ለብቻው 23 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 200 ቶን ክብደት አለው። አሠራሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። ኤሌክትሮኑ ከጠንካራ ማግኔቲክ ፊልድ ወደ በጣም ደካማ ፊልድ ሲገባ፣ ወደ ጎን የሚሽከረከርበት እንቅስቃሴ ወደ ፊት ይዞራል። መካከል ላይ 18.6 ኪሎ ቮልት አካባቢ የሆነ የቮልቴጅ ግድግዳ ይጠብቀዋል። ግድግዳውን ማለፍ የቻለ ይቆጠራል፣ ያልቻለ ይመለሳል። ቮልቴጁን ትንሽ ትንሽ እየለወጡ መቁጠር ነው ሥራው። ስለዚህ የሚገኘው ስፔክትረም ድምር ነው፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከግድግዳው በላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይቆጠራል።

የዚህን ስፔክትሮሜትር ጉዞ ሳላነሣ አላልፍም። የተሠራበት ዴገንዶርፍ ከካርልስሩኸ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ እንኳ አይሞላም። ግን በዚያ ስፋቱ በመንገድ አልሄድ አለ። በ2006 በዳንዩብ ወንዝ ወደ ጥቁር ባሕር ወረደ፣ በሜዲትራኒያን አድርጎ፣ አትላንቲክን ዞሮ፣ በራይን ወንዝ ተመለሰ። 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። የዓባይን በረሃ በከባድ መኪና የወረደ ሹፌር ምክንያቱን ሳይነግሩት ይረዳዋል።

ውጤቱ እንዲህ ወረደ። ከካትሪን በፊት የጀርመኑ ማይንዝና የሩሲያው ትሮይትስክ ጣሪያውን 2 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ አድርሰውት ነበር። ካትሪን በ2019 ወደ 1.1፣ በ2022 ወደ 0.8፣ በ2025 ወደ 0.45 አወረደው። የመጨረሻው ከ259 ቀን መለኪያና ከ36 ሚሊዮን ኤሌክትሮን የተገኘ ነው፣ በ90 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ። ስለዚህ ኒውትሪኖ ከኤሌክትሮን ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይቀላል። የ1,000 ቀን ዳታ ተሟልቶ ሲተነተን ከ0.3 በታች የመድረስ ዕቅድ አለ።

እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ከጫፉ አጠገብ የስፔክትረሙ ቅርጽ፣ ከጫፉ ያለው ርቀት ሲባዛ በ(የርቀቱ ካሬ ሲቀነስ የመጠነ ቁሱ ካሬ) ስኩዌር ሩት ነው። ይህ በእጅ ይደመራል። መጠነ ቁሱን 0.45 አድርጉት። በመጨረሻዋ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ ያለው ቁጥር፣ መጠነ ቁሱ ዜሮ ቢሆን ከሚኖረው በ29 በመቶ ያንሳል። ትልቅ ነው። እስከ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ስትሄዱ ልዩነቱ ከ1,000 ውስጥ 3 ይሆናል። እስከ 40 ስትደርሱ ከ10,000 ውስጥ 2። ምልክቱ የሚጎላበት ቦታ ዳታ የለም፤ ዳታ የሞላበት ቦታ ምልክቱ ይጠፋል። ሙያው ያለው በሁለቱ መካከል፣ ከጫፉ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ዝቅ ብሎ፣ ባክግራውንዱንና ምልክቱን ማስታረቅ ላይ ነው። ይህን ስሌት በራሱ እጅ የሠራ ተማሪ የካትሪንን ጽሑፍ ሲያነብ አይደናገርም።

ጉድለቱስ? ምንጩ የትሪትየም ሞለኪውል ነው፣ ሁለት ትሪትየሞች የተጣበቁበት። አንዱ ሲፈርስ የቀረው ሞለኪውል ይንቀጠቀጣል፣ ይሽከረከራል። ያ እንቅስቃሴ ኢነርጂ ይበላል። መጠኑም ከዲኬይ ዲኬይ ይለያያል፤ መዋዠቁ 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የምትለኩትም ነገር እዚያው አካባቢ ነው። ይህን በኳንተም ኬሚስትሪ አስልቶ ማስገባት ግድ ነው። በ1980 ሞስኮ ውስጥ አንድ ቡድን ትሪትየም የገባበት ቫሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ተጠቅሞ፣ ኒውትሪኖው 30 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው ብሎ ነበር። ዓለም ተንጫጫ፤ ያ ቁጥር እውነት ቢሆን ጨለማ ቁስ የተባለው እንቆቅልሽ በአንድ ጀንበር ይቀልል ነበር። በኋላ ዙሪክና ሎስ አላሞስ ሲለኩ አልተገኘም። በ1990ዎቹ ደግሞ ተቃራኒው መጣ፤ አንዳንድ ቡድኖች የመጠነ ቁሱ ካሬ ከዜሮ በታች ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ካሬ በተፈጥሮ የለም፣ በመለኪያ ስህተት ግን ይኖራል።

ፕሮጀክት 8፦ ኤሌክትሮኑን በሬዲዮ ማድመጥ

ኤሌክትሮን በማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ሲዞር የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ድግግሞሹ በኢነርጂው ላይ ይወሰናል፤ ኢነርጂው ሲጨምር በሬላቲቪቲ ምክንያት ዙሩ ይዘገያል። ስለዚህ ድግግሞሹን መለካት ኢነርጂውን መለካት ነው። በ1 ቴስላ ፊልድ የትሪትየም ጫፍ ላይ ያለ ኤሌክትሮን በ27 ጊጋኸርዝ ገደማ ይዘፍናል። ኢነርጂው በ1 ኤሌክትሮን ቮልት ሲለወጥ ድግግሞሹ በ50 ኪሎኸርዝ ያህል ይሸሻል። ይህ ለሬዲዮ ሰው ትልቅ ልዩነት ነው። መከራው የምልክቱ ኃይል ነው፤ አንድ ፌምቶ ዋት ገደማ፣ ማለትም የአንድ ዋት ሚሊዮን ቢሊዮንኛ።

ቡድኑ በክሪፕተን-83 ላይ አንድ ለአንድ ኤሌክትሮን መስማት እንደሚቻል በ2014 አሳየ። በ2023 በትሪትየም የመጀመሪያውን ጣሪያ አወጣ፦ 155 ኤሌክትሮን ቮልት። ከካትሪን ጋር ስታስተያዩት ያስቃል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከጫፉ በላይ አንድም የባክግራውንድ ኤሌክትሮን አላዩም። ሁለተኛ፣ የመጨረሻ ዕቅዳቸው በሞለኪውል ፋንታ በአቶም ትሪትየም መሥራት ነው፤ ያ ከሆነ የሞለኪውሉ መንቀጥቀጥ የሚባል ጣጣ ይቀራል። ግባቸው 0.04 ነው። የካትሪን ስፔክትሮሜትር ከዚያ በላይ ሊያድግ አይችልም፣ እንዲያውም እንዴት እንደተጓጓዘ አይታችኋል። የመጪው ዘመን መንገድ ይኸኛው ይመስለኛል።

ሲግናል ፕሮሰሲንግ የሚወድ፣ ወይም ከኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ጓደኛ ያለው ተማሪ ይህን ይምረጥ። ጫጫታ ውስጥ የተቀበረ፣ ቀስ እያለ ድግግሞሹ የሚወጣ ሞገድ አስመስሎ መፍጠርና ፎሪየር ትራንስፎርም እየሠሩ ማግኘት ለማስተርስ የሚመጥን፣ በላፕቶፕ የሚያልቅ ሥራ ነው። ኤሌክትሮኑ ኢነርጂ እየለቀቀ ስለሚሄድ ድግግሞሹ ከፍ ይላል፤ በስፔክትሮግራም ላይ ሽቅብ የተሰመረች ቀጭን መስመር ሆና ትታያለች። የመስመሯ መነሻ ነው የሚፈለገው።

ሆልሚየም

ይህ በጥብቅ አነጋገር ቤታ ዲኬይ አይደለም፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሆልሚየም-163 የራሱን ኤሌክትሮን ይውጥና ኒውትሪኖ ይለቃል። አልቫሮ ደ ሩሁላና ማውሪሲዮ ሉሲኞሊ በ1982 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። የሚገኘው ኢነርጂ 2.86 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ የጫፉ ድርሻ ይሻላል። ምንጩ ራሱ መለኪያው ውስጥ ይቀበራል፤ ኒውትሪኖው ይዞት ከሚሄደው በስተቀር ሌላው ኢነርጂ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጥና በጣም በቀዘቀዘ ማይክሮ ካሎሪሜትር ይለካል። ሃይደልበርግ ላይ ኤኮ፣ ጣሊያን ውስጥ ሆልምስ የተባሉ ሙከራዎች አሉ። ሆልምስ በ2025 ያወጣው ጣሪያ 27 ኤሌክትሮን ቮልት ነው።

ከዚህ በፊት በሬኒየም-187 ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ነበር፤ 15 ደርሶ ቆመ። ግማሽ ዕድሜው ከ40 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው፣ በቂ ዲኬይ ለማግኘት ብዙ ቁስ ይጠይቃል፣ መለኪያውም ዝግ ይላል። ሆልሚየም 4,570 ዓመት ስለሆነ በዚህ ይሻላል። ሁለት ዲኬይ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ እንደ አንድ መቁጠር ግን የማይለቀው በሽታው ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ መሣሪያ መንካት ለሚፈልግ፣ ሆልሚየም ከዚህ ሆኖ አይሆንም። ለዶክትሬት ወደ ውጭ የሚሄድ ካለ ያስብበት። አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ትሪትየም አንቲኒውትሪኖን ሲለካ ሆልሚየም ኒውትሪኖን ይለካል። ሁለቱ እኩል ናቸው ብለን እናምናለን፣ ማረጋገጥ ግን አይከፋም።

ኒውትሪኖ አልባ ድርብ ቤታ

እዚህ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። አንዳንድ ኒውክለሶች ሁለት ቤታ ዲኬይ በአንድ ጊዜ ያደርጋሉ። ኒውትሪኖ የራሱ አንቲቅንጣት ከሆነ፣ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ወጥቶ ምንም ኒውትሪኖ የማይወጣበት ዲኬይ ሊኖር ይችላል። ፍጥነቱም በኒውትሪኖ መጠነ ቁስ ላይ ይወሰናል። እስካሁን አልታየም። ጃፓን ያለው ካምላንድ-ዜን በዜኖን-136 ላይ ግማሽ ዕድሜው ከ3.8 ሲባዛ 10 ሀይል 26 ዓመት እንደሚበልጥ በ2024 ዘግቧል።

ይህ ወደ መጠነ ቁስ ሲለወጥ ጣሪያው ከ0.028 እስከ 0.122 ይሆናል። አንድ ሙከራ፣ አንድ ዳታ፣ ከአራት እጥፍ በላይ የሚሰፋ መልስ። ሙከራው ጥፋት የለበትም። ስፋቱ የመጣው የኒውክለሱን ማትሪክስ ኤለመንት የሚያሰሉ ሰዎች ስላልተስማሙ ነው። ደግሞም ኒውትሪኖ የራሱ አንቲቅንጣት ካልሆነ ይህ ሁሉ ቁጥር ስለ መጠነ ቁስ ምንም አይልም። ትንሽ ቁጥር ነው፣ ትልቅ «ከሆነ» ተሸክሟል።

ኒውክለር ቲዮሪ የሚወድ ተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኝም፣ ምክንያቱም ክፍተቱ ያለው በስሌት ላይ ነው። ሙከራውን እዚህ ስለመሥራት ለሚጠይቁኝ፣ ከመሬት በታች መግባት ያስፈልጋል። የጣሊያኑ ግራን ሳሶ 1,400 ሜትር ዓለት በላዩ አለው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ማለፉ አይረዳንም፤ ወደ ላይ ስትወጡ የኮስሚክ ጨረሩ ይብሳል። የሚያስፈልገው በተራራው ውስጥ የሚያልፍ ዋሻ ነው።

ኮስሞሎጂ፦ ትንሹ ቁጥር

ብዙ ተማሪ የሚጎመጀው እዚህ ነው። ከታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ) የቀሩ ኒውትሪኖዎች ጽንፈ ዓለሙን ሞልተውታል። መጠነ ቁስ ካላቸው የጋላክሲዎችን መሰባሰብ በጥቂቱ ያለዝባሉ። ስለዚህ የጋላክሲ ካርታና የማይክሮዌቭ ባክግራውንድ ተደምረው የሦስቱን ኒውትሪኖዎች ድምር ይገድባሉ። የፕላንክ ሳተላይት ከጋላክሲ ዳታ ጋር ተዳምሮ በ2018 ከ0.12 በታች አለ። ዴሲ የተባለው የጋላክሲ ካርታ ሥራ በ2024 ከ0.072፣ በ2025 ከ0.064 በታች አለ።

አሁን 0.06ን አስታውሱ። ጣሪያው ወለሉን ሊነካ ነው! ይባስ ብሎ፣ ስሌቱ ገደብ ካልተደረገበት ከዜሮ በታች የሆነ መጠነ ቁስ ወደ መምረጥ ያዘነብላል። ይህ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፣ ግን ስለ ኒውትሪኖ ይሁን ስለ ሞዴሉ አልተለየም። ያው የ2025 ዳታ፣ ጨለማ ኢነርጂ በጊዜ ሊለዋወጥ ይችላል ተብሎ ሲተነተን ጣሪያው ወደ 0.16 ይወጣል። ኒውትሪኖው አልተለወጠም፣ ታሳቢው ብቻ ተለወጠ። ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ተንቀሳቀሰ። በቤታ ዲኬይ የተገኘው 0.45 ግን ጨለማ ኢነርጂ እንዳሻው ቢሆን አይነቃነቅም። እኔ 0.45ን የማከብረው ለዚህ ነው።

ይህን ስል ኮስሞሎጂን አትምረጡ ማለቴ አይደለም። ዳታው በነፃ ይወርዳል፣ እንደ ክላስና ካምብ ያሉ ኮዶችም በነፃ ናቸው። ርዕሳችሁ «ሞዴሉን ስንቀይር ጣሪያው የት ይሄዳል?» ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው። «ትንሹን ቁጥር እናግኝ» ከሆነ ግን የትም አያደርስም። ሌላው የኑሮ ጉዳይ ነው። ማርኮቭ ቼይን (ሞዴሉን ከዳታው ጋር የሚያስተያየው ስሌት) ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ መብራት ደግሞ ሳይሰናበት ይሄዳል። ኮዱ በየደቂቃው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ሳታደርጉ አታስጀምሩት።

ለሙላት ያህል፣ በ1987 የፈነዳችው ኮከብ ኒውትሪኖዎች መድረሻ ሰዓትም ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት የሚሆን ጣሪያ ሰጥቷል። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ቀጣዩ ፍንዳታ መቼ እንደሚሆን ስለማይታወቅ ለቴሲስ ቀጠሮ አይያዝበትም።

እና ምን ልሥራ?

ጠንካራ የኒውክለር ቲዮሪ አማካሪ ካለህ ድርብ ቤታ። ሲግናል የሚያስደስትሽ ከሆነ ፕሮጀክት 8። ኮዲንግ የለመደና የማያቋርጥ መብራት ያለበት ኮምፒውተር ላብ የሚያገኝ፣ ኮስሞሎጂ ከላይ ባልኩት ጥያቄ። ከእነዚህ አንዱም በግልጽ ካልገጠማችሁ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ መጨረስ ካለባችሁ፣ ያለ ማንገራገር ትሪትየም። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል፣ ፓይተን ከነ ነምፓይና ሳይፓይ ይበቃል፣ ስሌቱ በደቂቃዎች ያልቃል። ጽሑፎቹ አርካይቭ ላይ በነፃ አሉ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ በቴሌግራም ተለዋወጡ።

አጀማመሩን ልንገራችሁ። የሐሰት ዳታ ፍጠሩ፦ ስፔክትረሙን ከጫፉ 40 ኤሌክትሮን ቮልት ዝቅ ብሎ እስከ ጫፉ በላይ ድረስ፣ ከባክግራውንድ ጋር፣ በፗሶን መዋዠቅ። ከዚያ አራት ነገር ነፃ አድርጋችሁ ግጠሙት፦ የጫፉ ቦታ፣ ጠቅላላ ቁመት፣ ባክግራውንድና የመጠነ ቁሱ ካሬ። ካሬው ላይ «ከዜሮ በታች አትሂድ» የሚል ገደብ አታስቀምጡ። እሱን ካስቀመጣችሁ ስህተታችሁ ይደበቃል፤ የ1990ዎቹ ሰዎች ችግር እንዳለ ያወቁት ካሬው ወደ ታች ስለወረደላቸው ነው።

ሲሠራላችሁ አንድ ፈተና ስጡት። መጠነ ቁሱን ዜሮ አድርጋችሁ ዳታውን ስትፈጥሩ የሞለኪውሉን መንቀጥቀጥ አስገቡ፣ 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ የጋውስ ስርጭት አድርጋችሁ። ስትገጥሙት ግን የረሳችሁ መስላችሁ ተዉት። የተረሳ መዋዠቅ ካሬውን በራሱ ካሬ እጥፍ ያህል ወደ ታች ይስበዋል፤ 0.16 በሁለት ሲባዛ 0.32። የካትሪን ጣሪያ ካሬው 0.2 ገደማ ነው፣ ስለዚህ የረሳችሁት ከምትፈልጉት ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ ስትገጥሙ የካሬው አማካይ ከዜሮ በታች 0.3 አካባቢ ካልወጣ፣ ወደ አማካሪያችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ኮዳችሁን ፈትሹ።